የኖራ ዕዳ፦ «የአሻንጉሊት ቤት»ን በገንዘቡ በኩል ማንበብ

[በስክሪኑ፦ ባዶ ሳሎን፣ የገና ዛፍ፣ የተዘጋ በር]

የኖርዌጂያዊው ጸሐፌ ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው በር ነው። የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ኖራ ባሏን ትታ ትወጣለች፤ የውጪው በር ድው ብሎ ሲዘጋ ይሰማል፤ መጋረጃ። ዛሬ በሩን ትተን ብሩን እንከተላለን። ማን ለማን ስንት ሰጠ? ማን ፈረመ? ቁልፉስ በማን ኪስ ነው? ይህን ስናይ የኖራ መውጣት ዱብ ዕዳ አይሆንብንም።

ተውኔቱ የታተመው በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን፣ በታኅሣሥ 1879 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያው ወር በ21ኛው ቀን እዚያው ከተማ በሮያል ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ።

መጀመሪያው የገና ዋዜማ ነው። ኖራ ዕቃ ታቅፋ ትገባለች። ዛፉን ያመጣላት ተሸካሚ 50 ኦረ ሲላት አንድ ክሮነር ሰጥታ መልሱን ለራስህ ያዘው ትለዋለች፤ እጥፍ ከፈለች ማለት ነው። ከዚያ ከኪሷ ማካሮን የሚባለውን ጣፋጭ አውጥታ ትበላና ቶሎ አፏን ትጠርጋለች። ባሏ ቶርቫልድ ለጥርስሽ አይበጅም ብሎ ከልክሏታላ! ቶርቫልድ የሕግ ባለሙያ ነው፤ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ደግሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ነው። «የኔ ወፍ» እያለ ያባብላታል፣ አባካኝነቱን ከአባትሽ ነው የወረስሽው ይላታል፣ ከዚያም አርባ ክሮነር ቆጥሮ ይሰጣታል። እሷ ታዲያ ለገና ስጦታም ጥሬ ገንዘብ ነው የምትፈልገው።

ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ፍርዱን ጨርሶ ይቀመጣል፦ ቅብጥብጥ፣ ገንዘብ የማይበረክትላት ሴት። ብሩ የት እንደሚገባ የምንሰማው ግን ጥቂት ቆይተን፣ የድሮ ጓደኛዋ ወይዘሮ ሊንደ ስትመጣ ነው።

[በስክሪኑ፦ 1,200 ስፔሲዳለር = 4,800 ክሮነር]

ነገሩ እንዲህ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ቶርቫልድ ከሥራ ብዛት በጠና ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሕይወቱ አደጋ ላይ እንደሆነና ወደ ሞቃት አገር ካልሄደ እንደማይተርፍ የነገሩት ለኖራ ነው፤ እሱ እንዳይሰማ። ተበድረን እንሂድ ብትለው ተቆጣት፣ ቅብጠት ነው አላት። ስለዚህ በድብቅ 1,200 ስፔሲዳለር ተበደረች፤ ለሰው ሁሉ አባቴ ሰጠኝ አለች፤ አንድ ዓመት ጣሊያን ተቀመጡ፣ ዳነ። ኖርዌይ በ1875 ገንዘቧን ስትቀይር አንዱ ስፔሲዳለር በአራት ክሮነር ተመንዝሯል፤ ዕዳው 4,800 ክሮነር የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ ቶርቫልድ ከቆጠረላት አርባ ክሮነር ጋር ስታስተያዩት 120 እጥፍ ነው።

ሊንደ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የሚያስደነግጣት የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ሚስት ያለባሏ ፈቃድ መበደር አትችልማ! በዚያን ጊዜ በኖርዌይ ያገባች ሴት በሕግ ዓይን ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ነበረች። የሚገርመው፣ ላላገቡ ሴቶች ይህ ገደብ በ1863 ተነሥቶላቸዋል። ሴትየዋ ቀለበት ስታስር ፊርማዋ ዋጋ ያጣል ማለት ነው። ላገቡት ሕጉ የተለወጠው በ1888፣ ተውኔቱ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

አበዳሪው ክሮግስታድ ስሙ የጎደፈ ሰው ነው፤ እሱም ድሮ በሰነድ ማጭበርበር ተነካክቷል። ለብድሩ ዋስ ጠየቀ፤ ዋሱ የኖራ አባት እንዲሆን ተስማሙ። ወረቀቱ ተፈርሞ መጣ፣ ገንዘቡ ተሰጠ። ክሮግስታድ ግን አንድ ነገር አስተውሎ ዝም ብሏል፦ አባትየው የሞቱት መስከረም 29 ነው፤ ፊርማቸው ሥር ያለው ቀን ጥቅምት 2። የሞተ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ፈረመ!

ይህን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ክሮግስታድ ራሱ ማምለጫ መንገድ ይከፍትላታል። ቀኑ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ አባትሽ ቀን መጻፍ ረስተው፣ ሌላ ሰው መሞታቸውን ሳያውቅ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምንም ክፋት የለም፤ ዋናው ፊርማው ነው፤ ፊርማው የአባትሽ ነው አይደል? አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኖራ ጥቂት ዝም ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ከዚያ የአባቴን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ ትላለች። ለእኛ የተውኔቱ መታጠፊያ ይህ ነው። ከመጨረሻው ንግግሯ ሁለት ገቢር ቀድማ፣ መዋሸት የሚያድናት ቦታ ላይ «እኔ ነኝ» ያለችበት ቦታ።

ክፍያውስ? ወለዱ በየሦስት ወሩ፣ ዋናው ደግሞ በየጊዜው እየተቆራረሰ ይከፈላል። ቶርቫልድ ለልብስ ከሚሰጣት ከግማሽ በላይ አውጥታ አታውቅም፤ ርካሹን ትገዛለች፣ ደግነቱ ሁሉም ያምርባታል። ባለፈው ክረምት ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ አግኝታ ማታ ማታ በሯን ዘግታ እስከ እኩለ ሌሊት ጽፋለች። ቶርቫልድ የሚያስታውሰው ሌላ ነው፦ ለዛፉ ጌጥ እሠራለሁ ብላ ሦስት ሳምንት ተዘግታ መክረሟን፣ መጨረሻ ላይም ድመት ገብታ ቦጫጨቀችው መባሉን። ኖራ ለሊንደ ድካሙን ስትነግራት ደስታውንም ትነግራታለች፤ ተቀምጦ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት ወንድ የመሆን ያህል ነበር ትላለች። ስንት ቀረሽ ስትባል ግን በትክክል አታውቀውም፤ የቻለችውን እየቧጠጠች ከፍላለች፣ ሒሳብ ይዛ አታውቅም።

[በስክሪኑ፦ የመስታወት መስኮት ያለው የደብዳቤ ሣጥን]

ክሮግስታድ የሚሠራው ቶርቫልድ ሊመራው ባለው ባንክ ነው፤ ከዚያ ሲባረር ምስጢሩን በደብዳቤ ጽፎ ሣጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ደብዳቤው በመስታወቱ ይታያል፤ ቁልፉ ያለው ግን ቶርቫልድ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። በኋላ ቁልፉን ሲያስገባ የተሰበረ የፀጉር ጌጥ ሽቦ ያገኛል፤ ኖራ ልጆቹ ይሆናሉ ትላለች።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ቶርቫልድ ደብዳቤውን አንብቦ ውሸታም፣ ወንጀለኛ ይላታል፤ ልጆቹን አታሳድጊም፣ ለሰው ዓይን ግን አብረን እንደኖርን እንቀጥላለን ይላል። ወዲያው ከዚያው ከክሮግስታድ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፤ ውስጡ የብድር ሰነዱ አለ። «ድኛለሁ!» ብሎ ይጮኻል። «እኔስ?» ትለዋለች። «አንቺም ጭምር እንጂ!» ይላታል። ሰነዱን ቀዶ እሳት ውስጥ ይከተዋል፤ ለዓመታት የለፋችበት ዕዳ ያለቀው እንዲህ ነው፣ እንደ ባለዕዳም ሳትቆጠር። ኖራ ልብሷን ቀይራ መጥታ ጠረጴዛ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ መዝጋት ነው። ቁልፎቹን ታስረክባለች፣ ቀለበቱን ትመልሳለች፣ የእሷንም ትቀበላለች፣ ከቤቷ ያመጣችውን ብቻ ትወስዳለች። ገንዘብ ልላክልሽ ሲላት ከማላውቀው ሰው አልቀበልም ትላለች። ማንም ወንድ ለሚወዳት ሲል ክብሩን አይሠዋም ሲላት መቶ ሺህ ሴቶች አድርገውታል ትለዋለች፤ ይህን ስትል የራሷን ደረሰኝ እያወጣች ነው።

መድረክ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው። ተዋናይዋ በመጀመሪያው ገቢር ጅል፣ በሦስተኛው ፈላስፋ ሆና ትጫወታለች፤ ሁለት ሴቶች ያየን ይመስለናል። አርባ ክሮነሩን ስትቀበል የወለዱ ቀን በጭንቅላቷ እየተቆጠረ መሆኑን ካላሳየች የመጨረሻው ንግግር ስብከት ይሆናል።

የኖራ መነሻ በእውን የነበረች ደራሲ ናት፤ ላውራ ኪለር። ባሏ በሳንባ በሽታ ታሞ ለማሳከም በድብቅ ተበደረች። በ1878 ኢብሰን የመጽሐፏን ረቂቅ ለአሳታሚው እንዲያቀርብላት ብትለምነው እምቢ አለ። ሐሰተኛ ሰነድ ውስጥ ገባች፣ ተያዘች፤ ባሏ ልጆቿን ነጠቃት፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ወጥታም ወደ ባሏ ተመለሰች። ኢብሰን ታሪኳን ሳያስፈቅድ መውሰዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያስመሰግነውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለአንባቢ። በጀርመን ሄድቪግ ኒማን-ራበ የተባለችው ተዋናይ እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም ብላ መጨረሻውን ለመጫወት አሻፈረኝ አለች። ሥራውን የሚያስከብርለት የቅጂ መብት ሕግ በዚያ ስላልነበረ፣ ሌላ ሰው ከሚቀይርብኝ ብሎ ኢብሰን ራሱ በ1880 ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በአደባባይ ደግሞ በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ አረመኔነት ነው ብሎ ረገመው። በዚያኛው ቶርቫልድ እየጎተተ ወደ ልጆቹ ክፍል በር ይወስዳታል፣ ኖራም እዚያው ትወድቃለች። በእጃችሁ ያለው ትርጉም ወይም ቪዲዮ እንደዚያ ካበቃ፣ በሩ ድው ሲል የሚሰማበትን ሌላ ቅጂ ፈልጉ።