ሲሲሬታ ጆንስ፦ ኦፔራ ውስጥ ያላስገቧት የኦፔራ ዘፋኝ

ሰላም፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሲሲሬታ ጆንስ ነው። ዮኒ፣ ስሟን ሰምተኸው ታውቅ ነበር?

ዮናስ፦ እውነቱን ልንገርሽ? ስለ እሷ እናውራ እስክትይኝ ድረስ በጭራሽ።

ሰላም፦ ብቻህን አይደለህም። በ1890ዎቹ ግን አሜሪካ ውስጥ ከእሷ በላይ ስሙ የገነነ ጥቁር ዘፋኝ አልነበረም። ዋይት ሀውስ ተጠርታ ዘፍናለች። ዛሬ ካርኔጊ ሆል የምንለው አዳራሽ ላይ በ1892 ዘፍናለች። እዚያ መድረክ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት። በነገራችን ላይ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምንጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ዮናስ፦ ከሥር እንጀምር። የት ተወለደች?

ሰላም፦ ቨርጂኒያ፣ ፖርትስማውዝ የምትባል የወደብ ከተማ። ጊዜው የ1860ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና ጥቂት ዓመቱ። አባቷ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እናቷ ልብስ እያጠበች ታድራለች፣ ድምጿ ግን የታወቀ ነው፤ በኳየር ትዘምራለች።

ዮናስ፦ እኛም አገር ስንቱ ዘፋኝ ነው ከመዘምራን የወጣው!

ሰላም፦ ልጅቷ ከፍ ስትል ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ፕሮቪደንስ ከተማ። ድምፅ መማር የጀመረችው እዚያ ነው። በ14 ዓመቷ አገባች።

ዮናስ፦ በ14?!

ሰላም፦ በ14። ሴት ልጅ ወለደች፣ ሕፃኗ ሳታድግ ሞተች። ባልየው ዴቪድ ጆንስ መጀመሪያ ላይ ሥራዋንም የሚመራላት እሱ ነበር። በኋላ መጠጥ አበዛ፣ ገንዘቧንም ያባክን ጀመር። በ1899 ተፋቱ። ስለ እሱ ይብቃኝ።

ዮናስ፦ ይብቃን።

ሰላም፦ በ1888 ከአንድ የዘፋኞች ቡድን ጋር ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄደች። በዚያ ዙር በየደረሰችበት ሜዳሊያ ይሸልሟታል። አንድ ፎቶዋን አይተኸዋል አይደል?

ዮናስ፦ ያ ሜዳሊያ የሞላው? አየሁት እንጂ። ወገቡ የተጣበቀ ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፣ ደረቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሜዳሊያ ተደርድሯል። በድል ቀን የሚሰለፍ አባት አርበኛ ነው የምትመስለው።

ሰላም፦ መድረክ ላይም እንደዚያው አድርጋው ትወጣ ነበር። አሁን ሰው ጉራ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ይገባኛል። አንዲት ጥቁር ሴት ብቻዋን ወጥታ በጣሊያንኛ ስትዘፍን፣ ሰው ገና አፏን ሳትከፍት ነው የሚፈርድባት። ማስረጃዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የምትወጣው።

ዮናስ፦ ቅጽል ስሟስ? "ጥቁሯ ፓቲ" የሚሏት?

ሰላም፦ አዴሊና ፓቲ የዘመኑ የሶፕራኖ፣ የቀጭኑ የሴት ድምፅ ንግሥት ናት። ጣሊያናዊ ቤተሰብ፣ ማድሪድ የተወለደች። አሜሪካ ስትመጣ ለአንድ ምሽት እስከ 5,000 ዶላር ይከፈላት ነበር፣ ያውም ቀድማ ተቀብላ። ጋዜጦች ሲሲሬታን ለማድነቅ የእሷን ስም ለጠፉባት። በዚያው ቀረ። ፖስተር ላይ ዋናው ስሟ ጠፍቶ ቅጽሉ ብቻ በትልቁ ይጻፋል።

ዮናስ፦ እሷ ወደደችው?

ሰላም፦ አልወደደችውም። እኔ ከፓቲ እኩል ነኝ የምል እንዳይመስላቸው እሰጋለሁ የሚል ነገር ለጋዜጠኛ ተናግራለች። ድምፅ አለኝ፣ የምፈልገው በሥራዬ መመዘን ነው፣ ነው ነገሩ። ማን ሰምቷት! ስሙ ቲኬት ይሸጣል።

ዮናስ፦ እሺ፣ እኔን የገረመኝ አንድ ነገር አለ። "የኦፔራ ዘፋኝ" እያልን ነው። ግን ሳነብ፣ በየትኛው ኦፔራ ተጫወተች ብዬ ብፈልግ ብፈልግ የለም።

ሰላም፦ የለም። አንድም ሙሉ ኦፔራ ውስጥ አልተጫወተችም። አሪያዎቹን፣ ማለትም በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍናቸውን ዜማዎች፣ ትዘፍናለች፣ ኮንሰርት ላይ ቆማ፣ ነጠል ነጠል አድርጋ። ገፀ ባሕርይ ሆና፣ ከመጀመሪያው መጋረጃ እስከ መጨረሻው መጫወትን አልፈቀዱላትም።

ዮናስ፦ እዚህ ጋ ነው "አይዳ" የሚመጣው።

ሰላም፦ በል አንተ ንገራቸው፣ ሲያቃጥልህ ነው የሰነበተው።

ዮናስ፦ ያቃጥላል እንጂ! "አይዳ" የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲ ኦፔራ ነው፣ በ1871 ካይሮ ላይ ነው የተጀመረው። ባለ ታሪኳ አይዳ ማን ናት? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። ግብፆች ማርከው ባሪያ ያደረጓት ልዕልት። ኒውዮርክ ውስጥ ይህን ኦፔራ ሲያሳዩ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር፣ ኢትዮጵያዊት ለመምሰል። በ1892 ደግሞ ሲሲሬታ በኒውዮርክ ትልቁ የኦፔራ ቤት፣ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ "አይዳ"ን ልትዘፍን ነው የሚል ወሬ በጋዜጣ ተናፈሰ። ድምፁ አላት፣ ቀለም መቀባት አያስፈልጋትም...

ሰላም፦ ወሬ ሆኖ ቀረ።

ዮናስ፦ ወሬ ሆኖ ቀረ! ጥቁር ዘፋኝ በሜትሮፖሊታን ብቻዋን ቆማ የዘፈነችው መቼ ነው? በ1955፣ ማሪያን አንደርሰን። ስድሳ ሦስት ዓመት አስቢው።

ሰላም፦ ውሃ ጠጣ።

ዮናስ፦ እሺ፣ እሺ።

ሰላም፦ የገንዘቡን ነገር ላምጣ። በ1892 ሜጀር ጄምስ ፖንድ የሚባል ትልቅ ማናጀር አስፈረማት። ደራሲውን ማርክ ትዌይንን በየከተማው ያዞረ ሰው ነው። በሳምንት 150 ዶላር ከነወጪዋ።

ዮናስ፦ በሳምንት! ፓቲ በአንድ ማታ 5,000።

ሰላም፦ ለዘመኑ ጥቁር ሴት 150 ትንሽ ብር አይደለም፣ ልዩነቱ ግን ይታይሃል። በኋላ ከፖንድ ጋር ተጣሉ፣ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርዱ ለእሱ ሆነ። ዳኛውም ውለታ ቢስ ናት ብሎ ገሠጻት።

ዮናስ፦ ማን ነው ለማን ውለታ የዋለው?

ሰላም፦ እሱ ነው እንግዲህ። በ1894 ጃንዋሪ ግን አንድ ያማረ ምሽት አለ። የቼክ አገሩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ ያኔ ኒውዮርክ ነበር፣ የብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪው፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆኖ። የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረቱ የጥቁሮች ዜማ መሆን አለበት እያለ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ የበጎ አድራጎት ኮንሰርት አዘጋጁ፣ እሱ መራ፣ ሲሲሬታ ከሮሲኒ መንፈሳዊ ሥራ ከ"ስታባት ማተር" ዘፈነች። ከኋላዋ ጥቁር ልጆች በኳየር ቆመዋል።

ዮናስ፦ ያንን ምሽት ለመስማት ምን ብከፍል።

ሰላም፦ በ1895 ወደ አውሮፓ ሄደች። ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን። እዚያ የቀለም ጉዳይ እንደ አሜሪካ እንዳልከበዳት ተናግራለች። ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ፣ በ1896...

ዮናስ፦ በአድዋ ዓመት።

ሰላም፦ በአድዋ ዓመት፣ አዎ። ነጭ ማናጀሮች አንድ ቡድን አቋቋሙላት። "የጥቁሯ ፓቲ ትሩባዱሮች"፣ ተዘዋዋሪ ዘፋኞች እንደ ማለት። ይሄ ነው እኔና አንተን ያጣላን።

ዮናስ፦ አሁንም አልተስማማሁም። ትርኢቱ ምን ይመስላል? መጀመሪያ አስቂኝ ድራማ ይመጣል። ቀልዱ አብዛኛው ጥቁር ሰው ላይ የሚያላግጥ ነው፣ ሰነፍ፣ ሐብሐብ ሌባ፣ እንዲህ ዓይነት። ቀጥሎ ጭፈራ፣ አክሮባት። መጨረሻ ላይ እሷ ትወጣና ኦፔራ ትዘፍናለች። ዋይት ሀውስ የዘፈነች፣ ድቮርዣክ የመራት ሴት! ራሷን አውርዳለች ባይ ነኝ።

ሰላም፦ ምርጫዋ ምን ነበር? የኮንሰርቱ ሥራ እየደረቀ ነበር። ነጩ ታዳሚ ለአንድ ሁለት ዓመት እንደ ብርቅ አያት፣ ከዚያ ሌላ ብርቅ ፈለገ። የኦፔራ ቤቱ በር ዝግ ነው። እዚህ ግን በዓመት 40 ሳምንት ገደማ ሥራ አላት። ደግሞ ለብዙ ዓመታት ቀልዱ ውስጥ አልገባችም። የእሷ ክፍል ለብቻው ነው። አሁን ልብ በል፤ በዚያ ክፍል ልብሱን ለብሳ፣ ከጀርባዋ ኮረስ ቆሞ፣ ከ"ሉቺያ"፣ ከ"ካርመን"፣ ከ"ኢል ትሮቫቶሬ" ኦፔራዎች ትዕይንቶች ትጫወታለች። ኮንሰርት ላይ ይህን አታገኝም ነበር። በሕይወቷ ለኦፔራ መድረክ የቀረበችው እዚያ ነው።

ዮናስ፦ ከቀልዱ ጀርባ።

ሰላም፦ ከቀልዱ ጀርባ። እኔ የማየው ግን ታዳሚውን ነው። ቴክሳስ ውስጥ፣ አላባማ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ኦፔራ ደርሶባት የማታውቅ። ጥቁር ገበሬ ለጭፈራው ብሎ ይገባና ቬርዲን ሰምቶ ይወጣል። ሜትሮፖሊታን ያንን ሰው በሩ ላይ ያቆመው ነበር።

ዮናስ፦ እሱን እቀበላለሁ። ባቡሩንም ንገሪያቸው።

ሰላም፦ በራሳቸው የባቡር ፉርጎ ነው የሚጓዙት። እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ደቡብ ውስጥ ሆቴሉ ጥቁር አያሳድርም፣ ምግብ ቤቱ አያስተናግድም። ፉርጎው ከዚያ ሁሉ ውርደት ያድናቸዋል።

ዮናስ፦ የሉዊቪል ከተማውስ ነገር?

ሰላም፦ እሱ ከትሩባዱሮቹ በፊት ነው፣ ኬንታኪ ውስጥ። ልትዘፍን ወጥታ ስታይ ጥቁሮቹ በሙሉ ላይ ሰገነት ላይ ተጠቅጥቀዋል፣ ታች ወንበሩ ባዶ ነው። ነጮቹ ሳይመጡ ቀርተው እንኳ ባዶውን ወንበር ለጥቁሮቹ አልለቀቁላቸውም። ዘፈነች። በኋላ ግን ለጋዜጠኛ በግልጽ ተናገረች፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም፣ ወገኖቼ እንዲህ ሊገፉ አይገባም አለች። በ1890ዎቹ፣ በደቡብ፣ ገንዘቧን ከነጭ ታዳሚ የምታገኝ ሴት ይህን ስትል ቀላል አይደለም።

ዮናስ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ከዚያ መቼ ቆመች?

ሰላም፦ በ1915። ከ19 ዓመት በኋላ። እናቷ ታማ ነበርና ፕሮቪደንስ ተመልሳ አስታመመቻት። ወላጅ የሌላቸው ልጆችም አሳደገች። ሰፈር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ አትክልቷን ትንከባከባለች። ገንዘቡ አለቀ። ቤቶቿን ሸጠች፣ ጌጧን ሸጠች። ሜዳሊያዎቹንም።

ዮናስ፦ እነዚያን ሜዳሊያዎች?

ሰላም፦ ጥቂት ነው ያስቀረችው። በመጨረሻ የውሃና የግብሩን ሂሳብ ይከፍልላት የነበረው ዊልያም ፍሪማን የሚባል የሰፈሩ ሰው ነው። የጥቁሮች መብት ማኅበሩን፣ የኤንኤኤሲፒን የአካባቢ ቅርንጫፍ የመራ ሰው። እንጨትና ከሰልም ይገዛላታል። ጁን 24 ቀን 1933 በካንሰር ሞተች። መቃብሯ ላይ ድንጋይ አልቆመም። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቆሙላት በ2018 ነው።

ዮናስ፦ 85 ዓመት። እና ከሞተች ስንት ቀን ነው ያልሽኝ፣ ያኛው ነገር?

ሰላም፦ አንድ ወር አልሞላም። በጁላይ 1933፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሂፖድሮም በሚባለው ትልቅ አዳራሽ፣ ካተሪና ጃርቦሮ የምትባል ጥቁር ሶፕራኖ ከአንድ የነጮች የኦፔራ ቡድን ጋር ወጣች። "አይዳ"ን ሆና።

ዮናስ፦ አንድ ወር!

ሰላም፦ አድማጮች ደግሞ ድምጿን የት እንስማ ማለታቸው አይቀርም። የትም። አንድም ቀረጻ የላትም። ስሟ ለሲሲሬታ የተለጠፈላት ፓቲ በ1905 ስድሳ ዓመት አልፏት በቤቷ ሆና ተቀርጻለች፣ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ። ሲሲሬታ ያን ጊዜ በሙሉ ድምጿ ላይ ናት፣ የቀረጻ መሣሪያውም አለ። የጠራት ግን የለም።

ዮናስ፦ እኔ የፓቲን ሰማሁት፣ ሸክላው ይንኮሻኮሻል።

ሰላም፦ ቢንኮሻኮሽም አለ እኮ። በሉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ካተሪና ጃርቦሮን ይዘን እንመለሳለን። ዮኒ፣ እስከዚያ "አይዳ"ን ሙሉውን ሰምተህ ና።

ዮናስ፦ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ነው እኮ!

ሰላም፦ ከአሁኑ ጀምረው። ቻው ቻው።