የድርቁ ማሳ ይድረቅ
ለስንዴ ተመራማሪዎችና ለመስክ ረዳቶች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ፀሐይ ላይ ቆማችሁ መረጃ የምትሰበስቡ የመስክ ረዳቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

በደጋው የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያማረበት ስንዴ ወደ ቆላው ወረር ጣቢያ፣ 740 ሜትር ላይ፣ ሲወርድ ፈጥኖ ያብባል፣ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል። ፈንታሌንና አሚባራን የመሰሉ ዝርያዎች የወጡት ቆላው ላይ ተፈትነው ነው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃ ነው።

በድርቅ ሙከራ መስኖው ከማበቡ በፊት ይቆረጣል፤ አጠገቡ ያለው ማነጻጸሪያ ማሳ ግን መጠጣቱን ይቀጥላል። ቦዩ በደንብ ካልተደፈነ ውሃው በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ሾልኮ ዳር ያሉትን ፕሎቶች፣ ማለትም ትንንሽ የሙከራ መደቦች፣ ያርሳል። ቀን 8 ሰዓት ላይ የቅጠሉ ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲለካ ዳር ያለው መስመር፣ ማለትም ገና ዝርያ ሆኖ ያልወጣ የሙከራ ስንዴ፣ ከጎረቤቱ ቀዝቅዞ ይገኛል። «ሥሩ ጠልቆ ውሃ አግኝቷል» ተብሎ ይመረጣል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ብዙ ቦታ ሙከራ ያልፍና እዚያ ይወድቃል። ዘሩም፣ መሬቱም፣ ጉልበቱም ባከነ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን በእውነት ደረቅ አፈር ላይ ቆሞ የነበረው ጎረቤቱ ነው። እሱ «ሞቀ» ተብሎ ተጥሏል፤ ዳግመኛ አይገኝም።

የባሰም አለ። በአንዳንድ ጣቢያ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል በዋዜማው ሌሊት የድርቁ ማሳ ላይ ውሃ ይለቀቃል። ቢጫ ማሳ ያሳፍራል ተብሎ! የድርቅ ማሳ ቢጫ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? 36 መስመር በ3 ድግግሞሽ 108 ፕሎት ነው። 108 ፕሎት ለአንድ ፎቶግራፍ ይሠዋል? ይህ ሥራ ማሳመር አይደለም፤ ገበሬውን መዋሸት ነው!

መፍትሔው ውድ አይደለም። መስኖው ከተቆረጠ በኋላ በየሳምንቱ ከ30፣ ከ60ና ከ90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይውጣ። እርጥቡ ይመዘን፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይድረቅ፣ እንደገና ይመዘን፤ የጠፋው ክብደት ለደረቁ ሲካፈል እርጥበቱ ይታወቃል። ናሙናው ከመሀል ብቻ ሳይሆን ከዳርም ይወሰድ፤ ሾልኮ የገባ ውሃ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

የሙቀት ሙከራው ደግሞ ሌላ ነው። ዘግይቶ ይዘራል፣ ውሃ ግን አይጓደልበትም። ከተጠማ ሙቀት ይጉዳው ጥማት ይጉዳው መለየት አይቻልም።

የአበባ ቀን ከእያንዳንዱ ፕሎት ይመዝገብ፤ ቀድሞ የደረሰ መስመር ድርቁን አመለጠው እንጂ አልቻለውም። ግሪሳ ወፍ ጠባቂም ፍሬው ወተት ሳይቋጥር ይቀጠር።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ውሃ የተለቀቀበት ቀንና ሰዓት ከነፈራሚው በመስክ መዝገቡ ላይ ይስፈር። በድርቁ ማሳ ላይ ውሃ ከገባ የዚያ ፕሎት መረጃ ይሰረዝ፤ የሰረዘውም ሰው አይወቀስ።

አመሰግናለሁ።