ማይግሬን አልለቅ ሲል፦ ክኒን የዋጣችሁበትን ቀን ቁጠሩ

(ምስል፦ ከፒያሳ ቁልቁል ቸርችል ጎዳና፣ የጠዋት ትራፊክ፣ የሚኒባስ ክላክስ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ማይግሬን ነው የማወራችሁ፣ አንዴ መጥቶ ስለሚሄደው ሳይሆን አልለቅ ስላለው፣ ገና አረፍኩ ሳትሉ ስለሚመለሰው። ከፒያሳ እስከ ጥቁር አንበሳ ድረስ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ጋ ገባ ብላችሁ ትንሽ ቁሙ፣ ሰው ይመጣል፣ አንድ እጁ ግንባሩ ላይ ነው፣ "እህት፣ የራስ ምታት ስጪኝ፣ ጠንከር ያለውን" ይላል፣ እሷም ከእሽጉ ላይ አራት ፍሬ በመቀስ ትቆርጥለታለች፣ እዛው በሃይላንዱ ውሃ ሁለቱን ዋጥ ያደርግና ይሄዳል። ከዛ በሶስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ማንም ደሞ "ወንድሜ በወር ስንት ቀን ነው ምትወስደው?" ብሎ አይጠይቀውም። የዛሬው ቪዲዮ ጥያቄ እሱ ነው።

ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ማይግሬን መሆኑን እንይ። እኛ ጋ አፍንጫ ከፈሰሰ ሳይነስ ነው፣ ካስመለሰ ጨጓራ ነው፣ ፀሀይ ላይ ቆይታችሁ ከሆነ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል (ሽታው ደስ ይላል፣ እሱን አልክድም)። ማይግሬን ራሱ ግን እንባም ንፍጥም ያመጣል፣ ያስመልሳልም፣ ስለዚ ለዓመታት የሳይነስ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰው ሞልቷል። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ነው፣ ድው ድው ይላል፣ ደረጃ ስትወጡ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ህመሙ ከመጀመሩ በፊት ዚግዛግ የሆነ ብርሃን ያያል፣ እሱ ኦራ ይባላል።

ውስጥ ላይ የሚሆነው በአጭሩ፣ ትራይጀሚናል የሚባለው የፊትና የራስ ነርቭ ይነሳሳና ሲጂአርፒ የሚባል ነገር ይለቃል፣ እሱ ደሞ በአንጎል ሽፋን ላይ ያሉትን የደም ስሮች ያሰፋል ያስቆጣል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ በወር አንዴ እንወጋለን የሚሏችሁ መድኃኒት ይሄን ሲጂአርፒ የሚዘጋው ነው፣ እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ የመጣ።

(ምስል፦ የግድግዳ ካላንደር፣ እስክሪብቶ)

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ እነዚህን በወር 15 ቀንና ከዛ በላይ እየወሰዳችሁ ከ3 ወር ካለፈ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ይጀምራል። ትራማዶል (ጠንከር ያለው ማስታገሻ)፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን (ሁለቱ የማይግሬን መድኃኒቶች ናቸው) ወይም አንዱ ፍሬ ውስጥ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለበት ከሆነ ደሞ 10 ቀን ይበቃል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ኤክሴድሪን አለ አይደል፣ አንዱ ፍሬ ውስጥ 250 ሚሊግራም ፓራሲታሞል፣ 250 አስፕሪንና 65 ካፌይን ነው ያለው፣ ስለዚ የ10 ቀኑ ወገን ነው። ልብ በሉ የሚቆጠረው ቀኑ ነው፣ በአንድ ቀን ሁለት ዋጣችሁ አንድ ያው አንድ ቀን ነው። የኛ ካላንደር ለዚህ ይመቻል፣ ወሩ ሁሌ 30 ስለሆነ (ጳጉሜን ተዋት)። ራሳችሁን ያመማችሁ ቀን ላይ ነጥብ፣ ክኒን የወሰዳችሁበት ላይ ክብ፣ ሴቶች የወር አበባ የመጣበትንም ምልክት አድርጉበት፣ ሀኪም ጋ ስትሄዱ ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ከብዙ ወሬ ይሻላል።

ክቡ ከበዛ መፍትሄው ማቆም ነው፣ ደስ አይልም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ይብሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን፣ እዛ ጋ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ፋርማሲ የሚመለሰው። ትራማዶል ወይም ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው) ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ በሀኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

እና በባዶ እጅ አይቆምም። መከላከያ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ህመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ የሚወሰድ፣ እኔን የሚያናድደኝ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳን አለማወቁ ነው። አንዱ ፕሮፕራኖሎል ነው፣ የልብ መድኃኒት ነበር፣ እ.ኤ.አ በ1966 ለልብ ህመም ሲሞከር ነው ለማይግሬንም እንደሚረዳ የታየው፣ አስም ያለበት ግን አይወስደውም። ሌላው አሚትሪፕቲሊን፣ ማታ ማታ በ10 ወይ በ25 ሚሊግራም ይጀመራል፣ እንቅልፍ ያመጣል አፍ ያደርቃል። ወረቀቱን ሲያነቡት የድብርት መድኃኒት ይላል፣ ከዛ "እኔን እብድ ነሽ ሊሉኝ ነው እንዴ" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ግን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ነው። ቫልፕሮኤትም አለ፣ ማርገዝ የምትችል ሴት ግን መውሰድ የለባትም፣ ፅንስ ይጎዳል። ሁሉም ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በሳምንቱ "አልሰራልኝም" ብሎ መተው የለም። ደሞ ለነዚህ የግድ ኒውሮሎጂስት ወረፋ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ጠቅላላ ሀኪምም ይጀምርላችኋል፣ ህመሙ እምቢ ካለ ነው ሪፈር የሚባለው።

ህመሙ ሲነሳ የምትወስዱትን ደሞ በጊዜ ውሰዱ። ማይግሬን ላይ ጨጓራ ስራውን ስለሚያዘገይ አስመልሷችሁ ከተኛችሁ በኋላ የምትውጡት ክኒን እዛው ይቀመጣል፣ ለዛ ነው ሀኪም አንዳንዴ ከፕላሲል (ከማስመለስ መከላከያው) ጋር የሚያዘው። መጠኑም፣ ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም ማለት ሁለት ፍሬ ነው፣ አይቡፕሮፌን 400። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይ እርግዝና ካለ አይቡፕሮፌኑን ጠይቃችሁ ነው።

ቡና... እዚህ ጋ ትጠሉኛላችሁ። አቦል ቶና በረካ በየቀኑ የለመደ ሰው በፆም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ሲውል ሁለት ነገር ይደርስበታል፣ ረሃቡም የቡናው መቅረትም ራስ ምታቱን ያነሳሉ። የቡና መቅረት ራስ ምታት ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ስለዚ ሁዳዴ ወይ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስኒውን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ሱሁር ላይ ውሃ ጠጡ። ከባድ ከሆነ የነፍስ አባታችሁን ወይ ሼሁን አማክሩ፣ ለታመመ ሰው ሁለቱም ጋ መላ አለው።

ኦራ ያላችሁ ሴቶች፣ ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን የስትሮክ አደጋ ስለሚጨምር ኦራ እንዳለባችሁ ሳትናገሩ አትጀምሩ፣ ሌላ አማራጭ ሞልቷል።

(ምስል፦ የድንገተኛ ክፍል በር)

አንድ ነገር ቀረ። በደቂቃ ውስጥ ጣራ የነካ እንዲህ ያለ አሞኝ አያውቅም የምትሉት ህመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ እጅ እግር የከለከለ ወይ አንደበት የያዘ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ ከሆነ ፋርማሲ ጋ አትቁሙ፣ ቀጥታ ድንገተኛ። ከ50 ዓመት በኋላ ገና አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ደሞ ማይግሬን ነው ተብሎ አይታለፍም፣ እሱን በዛው ሳምንት ሀኪም ይየው።