የእማማ ቅጠል

ሰላም ሰላም። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ባለፈው «ለአንድ ወር ስለ ተክል አላወራም» ብዬ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። አውቃለሁ። ቀን እየቆጠራችሁ እንደሆነም አውቃለሁ። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ለእኔ ሪከርድ ነው።

ዛሬ የመጣሁት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። እሺ፣ አጋነንኩ፤ እተኛለሁ። ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው አንድ ቅጠል ነው። የእማማ ቅጠል።

እማማን ታውቋቸዋላችሁ። ማታ ማታ በባትሪ ቀንድ አውጣ እየለቀሙ «አታፍሩም?» እያሉ የሚቆጧቸው እማማ። የመጀመሪያ ሆስታዬን፣ ያንን ለቅጠሉ ውበት የሚተከለውን የጥላ ተክል፣ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ እኔ ጥላ ቦታ ላይ ምንም አይበቅልም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። «ለጥላማ ሆስታ አለልሽ» ብለው ከነአፈሩ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ብርዱ ሲበረታ ከላይ ብን ብሎ ጠፋ። ገደልኩት ብዬ አለቀስኩ። ለካ ተኝቶ ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ እንደ ጦር ጫፍ ተጠቅልሎ አፈሩን በስቶ ወጣ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠሩኝ። ከሰዓት ነው። ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል። አንዱን ትልቅ ሆስታ ከነሥሩ ነቅለው አጠገባቸው አስተኝተውታል፤ ሊከፍሉት ነው። ቢላዋው ባልዲው ጠርዝ ላይ ነው። እርጥብ ነው። እሱን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉልኝ። «እስኪ እይልኝ ልጄ። አዲስ ዓይነት ነው አይደል?»

ቅጠሉ ይሄ ነው። መደቡ ቢጫ ነው። ከመሃል ጅማቶቹን ተከትሎ አረንጓዴ ፈሷል። ጠርዝ የለውም። እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለም ጠብ ሲል ዙሪያውን እንደሚሰርገው ነው። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አረንጓዴው ያለበት ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል።

በጣም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው።

የሆስታ ዝንጉርጉርነት በደህናው ጊዜ እንዲህ ነው። ቡቃያው ጫፍ ላይ ያሉት ሴሎች በንብርብር ነው የሚቀመጡት። ከንብርብሮቹ አንዱ አረንጓዴውን ቀለም፣ ክሎሮፊሉን፣ መሥራት ሲያቅተው ቅጠሉ ሁለት መልክ ይኖረዋል፦ ጠርዙ ነጭ መሃሉ አረንጓዴ፣ ወይም ተገላቢጦሽ። አንድ ተክል ሁለት ሕብረ ሕዋስ ይዞ ይኖራል። ኪሜራ ይሉታል። እንዲህ ዓይነት ቡቃያ ድንገት ሲወጣ ደግሞ «ስፖርት» ነው የሚሉት። ምኑ ነው ስፖርት? ቁጭ ብሎ እኮ ነው የሚውለው! «ጁን» የምትባለዋ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓመቱ ሆስታ ተብላ የተመረጠችው፣ «ሃልሲዮን» ከሚባለው ሰማያዊ ሆስታ እንዲሁ በስፖርት የወጣች ናት። አንድ ቀን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «ይሄ ምንድነው?» አለ፣ አለቀ።

ደግሞም አይጸናም። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባል የለ? ሆስታ ይለውጣል። አንዱ ቡቃያ ወደ ድፍን አረንጓዴ ይመለሳል። አረንጓዴው ምግቡን በደንብ ስለሚሠራ ጉልበተኛ ነው፤ ቶሎ ካልገነጠላችሁት ዝንጉርጉሩን ውጦት ይቀራል። ሙሉ ነጭ ሆኖ የቀረው ደግሞ ራሱን መመገብ አይችልም። እና ዝንጉርጉር የሚባለው ነገር መሃል ላይ ያለ... ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። ቅጠሉ።

ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተለየው። ቢጫው ቅጠል ላይ አረንጓዴው በጅማቱ በኩል ይፈሳል። ቅጠሉ ይጎረብጣል፣ ይኮማተራል። መድኃኒት የለውም። የሚገርመው ሰዎች መጀመሪያ ወደዱት! «ብሬክዳንስ» የሚባል ነበር፣ «ሌፐርድ ፍሮግ» የሚባል ነበር። አዲስ ዝርያ ተብለው ስም ወጣላቸው፣ ተሸጡ። ኋላ ሲታይ ውበታቸው በሽታቸው ነው።

ቱሊፕም ላይ ሆኗል እኮ። እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ሆላንድ ውስጥ ሰው ያበደለት ቱሊፕ ያ ነበልባል የመሰለ መስመር ያለው ነው። መስመሩን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በሽታውን እንደ ጌጥ አዩት። ሳስበው ትንሽ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ደግሞ አይቀለኝም። እነሱ አያውቁም ነበር። እኔ አውቃለሁ።

እማማ ቅጠሉን እንደያዙ ያዩኛል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ? አልነበርኩም። ዓይን ብቻውን አይበቃም። የተዥጎረጎረ ስፖርትም አለ፣ መስመሩ የተበታተነ፣ ሥርዓት የሌለው። እሱ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» እያልኩ በውስጤ ሦስት ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። አንድ ሰከንድ ነው በሉት፣ ሁለት። የጠየቁኝ እኮ ቀላል ነው።

«አዎ እማማ፣ አዲስ ነው» አልኩ።

ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ጭናቸውን መታ አደረጉና «ብዬ ነበር! ብዬ ነበር!» አሉ። ከዚያ «በይ እንግዲያው ስም አውጪለት» አሉኝ።

አወጣሁለት። አይገርማችሁም? እዚያው፣ ሳላመነታ። «ፀሐይ በጥላ» አልኩ። ቆንጆ ስም ነው ደግሞ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ቢላዋውን አነሱ። ቀጥ አድርገው ለሁለት፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት። አራት ሆነ። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ ለጓደኞቻቸው። ቢላዋውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ ዞር ብለው፣ በዚያው ቢላዋ፣ ትልቁን ሰማያዊ ሆስታ ጀመሩ። የመጀመሪያው የእኔ ሆስታ የተገነጠለበትን፣ እናትየዋን።

ይሄ ቫይረስ በጭማቂው ነው የሚተላለፈው። በቢላዋ፣ በመቀስ፣ በእጅ። እኔ ደግሞ ቆሜ አየሁ። «እማማ ቆይ፣ ቢላዋው ይታጠብ» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? አራት ቃል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ግን ያንን ብል «ለምን?» ይሉኛል። «ለምን» ካሉኝ ያቺን «አዎ» መመለስ አለብኝ። እና ዝም።

አሁን እናንተ «ንገሪያቸው፣ ምን ያስፈራሻል» ትላላችሁ። እኔም ለራሴ እላለሁ። ግን የምነግራቸው ምንድነው? «ንቀሉት፣ አቃጥሉት፣ ሥሩ አፈር ውስጥ እንዳይቀር፣ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ሆስታ አትትከሉ»? ሳላረጋግጥ? መመርመሪያ አለ፤ እንደ እርግዝና መመርመሪያው መስመር የሚያወጣ። ቅጠሉን ቀጥቅጠሽ ከፈሳሹ ጋር ታቀላቅያለሽ፣ ከዚያ ትጠብቂያለሽ። አዘዝኩ፣ ደረሰ። መሳቢያ ውስጥ ነው። እስካሁን አልከፈትኩትም። አንድ ጊዜ መቀስ ይዤ ተነሳሁ፣ ከዚያ... ልብስ አጠብኩ። ልብስ!

ነፃ ነው ቢል እንኳ ችግር አለው። ያን ሰማያዊውን የነካው ቅዳሜ ነው። ገና የገባበት ተክል ላይ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። ምልክቱ ዓመታት ቆይቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እና መቼ ነው «ተረፈ» የምለው? አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ምናልባት «አዎ» ያልኩት ለእሳቸው ብዬ አይደለም። አዲስ ነገር ሲገኝ እዚያ መኖር ፈልጌ ይሆናል። ስም አውጪዋ እኔ ልሆን። ወይም... አይ፣ ይሄን እቆርጠዋለሁ። አልቆርጠውም፤ ስንፍናዬን ታውቃላችሁ።

የእኔ ግንጣይ አሁንም በላስቲኩ ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ራቅ አድርጌ በሩ ጥግ አስቀምጬዋለሁ። ውሃ አጠጣዋለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ። ከዚያ ደግሞ ተመልሼ አየዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አዲስ ቅጠል እየፈታ ነው። ገና ስላልተዘረጋ ቀለሙ አይለይም። በባትሪ ሁሉ አየሁት። አንዴ ድፍን ቢጫ ይመስለኛል፣ አንዴ ደግሞ...

ቆይ፣ ስልኬ ነው። እማማ ናቸው። ቅድምም ደውለው ነበር፤ ያቺን ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፤ «ፀሐያችን ተነሳች ወይ?»

ላንሳው መሰለኝ። ቀረጻውን ላቁመው ወይስ... ቆይ።