ጤና ጣቢያ ወልዳም ሕፃኑ ለምን ይሞታል?

[ምስል፦ የማዋለጃ ክፍል። ሌሊት። ግድግዳ ላይ ሰዓት።]

ተራኪ፦ ልጁ ወጣ፤ አላለቀሰም። ሰውነቱ ዝልፍልፍ ብሏል። በር ላይ እልልታ ሊያሰሙ የቆሙት ዘመዶች ዝም አሉ። አዋላጇ ግን ሁለት ጣቷን እትብቱ ከሆዱ የሚገናኝበት ላይ አሳረፈች። ትር ትር ይላል።

ይህ ሕፃን አልሞተም፤ መተንፈስ አቅቶት ነው። ቶሎ ይደረቃል፣ ጀርባው ይታሻል። ያም ካልሠራ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት፣ አየር ይሰጠዋል፤ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ። ይህ ሁሉ የሚጀመረው በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ።]

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 29 ወረደ። በ2019 ደግሞ 33 ሆነ። ጥናቱ በናሙና ስለሚሠራ ጨመረ አንልም፤ ቀነሰ ለማለትም አያስደፍርም።

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፦ ከ2016 እስከ 2019 ባሉት ሦስት ዓመታት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ከ26 ወደ 48 በመቶ አድገዋል። እናቶቹ ምክሩን ሰምተው፣ አንዳንዶቹም በቃሬዛ ተጭነው መጥተዋል። እንደኔ ከሆነ ጥያቄው አሁን ከመንገዱ ወደ ክፍሉ ገብቷል። አንዲት አዋላጅ ሦስት ምጥ ይዛ ታድራለች? የአምቡ ባጉ ሣጥን ቁልፍ የቀን ተረኛዋ ጋ ነው?

[ምስል፦ እናት፤ ሕፃኑ ደረቷ ላይ።]

ከመታፈን ሌላ፣ ያለጊዜው መወለድና ኢንፌክሽን አሉ። ያለጊዜው የመጣ ሕፃን ብርዱን መቋቋም አይችልም፤ እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ መዋልና ማደር አለበት። ስለ ኢንፌክሽኑ አንድ ነገር ብቻ፦ እትብት ላይ ቅቤ አይቀባም።

[ምስል፦ ፌቶስኮፕ፤ ሆድ ውስጥ ያለ ሕፃን የልብ ምት ማዳመጫ፣ ትንሽ መለከት የሚመስለው።]

ሆድ ውስጥ እያሉ የሚሞቱትስ? ከሰባተኛው ወር በኋላ ሞተው የተወለዱት በ2021 በዓለም ወደ 1.9 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም በድሃ አገሮች። አንዳንዶቹን የእናትየው ደም ግፊት ወይም ቂጥኝ ይገድላቸዋል። ቂጥኙ በክትትል ጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን ይድናል። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግን ምጡ ሲጀምር በሕይወት ነበሩ። የልባቸውን ምት በየግማሽ ሰዓቱ የሚያዳምጥ ቢኖር መዳከሙ ይታወቅ ነበር።

[ምስል፦ የወሊድ መዝገብ፤ እስክሪብቶ።]

አሁን ወደዚያች ሌሊት። አዋላጇ እትብቱን ባትዳስስ፣ ትንፋሽም ባይሞከርለት፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ሞቶ የተወለደ» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ልጁ ከ33ቱ ውስጥም አይቆጠርም።