ዳኛው ዝም ሲል

እሺ… ይሰማል አይደል? ማይኩን ትንሽ ላስጠጋው። አዎ፣ ገመዱ አዲስ ነው። የድሮውን ማን እንደበላው ታውቃላችሁ፣ እዛ ውስጥ አንገባም።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ማስታወሻዬም እዚሁ አለ። ግን የጥንቸሌን፣ የዳኛውን ነገር ካላወጣሁት ሌላው አይመጣልኝም። መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ፣ ደህና ነው። ይበላል። ይፈርዳል። አሁንም ሶፋው ስር ሆኖ በዛ ፊቱ እያየኝ ነው።

ያልለቀቀኝ መታመሙ አይደለም። ማለቴ፣ እሱም ነው። ግን ከሱ በላይ ያቺ ማታ ወለሉ ላይ የተቀመጥንባት ሰዓት ናት።

ድርቆሹን ቀየርኩለት። የድንብላል ቅጠል ይዤ መጣሁ። ድንብላል ሲሸተው እግሬን ረግጦ ነው የሚያልፈው፣ ታውቁታላችሁ። አልመጣም። እሺ፣ ኩርፊያ ነው ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ስልኬን እየነካካሁ። ትንሽ ቆይቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ጭኔን ተደግፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፣ ዝም። ዳሰስኩት፣ ዝም አለ። ዳኛው! እጅ ሲያርፍበት የሚያጉረመርመው ዳኛው! ደስ አለኝ። ለእህቴ ፎቶ ላኩላት ሁላ።

ከዛ ጥርሱን ሰማሁ።

ጥንቸል ሲመቸው ጥርሱን በስሱ ያጋጫል። ግንባሩን ስታሹት መንጋጋው ሲርገበገብ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ሲያመው ደግሞ ያፋጫል፣ ጎላ አድርጎ፣ ዘግየት እያለ። ተጽፎ ስታነቡት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ስትሰሙት ግን… እኔ እንጃ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንዴ ይሄኛው ነው እላለሁ፣ አንዴ ያኛው።

የሱን ጆሮ ነካሁት፣ ቀዝቅዟል። እሱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። የሚጸዳዳበትን ሳጥን አየሁ። በጠጡ ሁሌ ክብ፣ ደረቅ፣ እኩል እኩል ነው። ያን ቀን ጥቂት ናት፣ ደቃቃ፣ አንዳንዷ በፀጉር ተያይዛ እንደ መቁጠሪያ። ከዛ ጆሮዬን ሆዱ ላይ አደረግኩ። የጥንቸል ሆድ ሥራ አይፈታም፣ ሁሌ ጉርጉር ይላል። ምንም የለም።

የማታውቁ ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንቸል አንጀት መቆም የለበትም። ከቆመ፣ ወይ በጣም ከዘገየ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ይደርቃል፣ ባክቴሪያዎቹ ይቃወሳሉ፣ ጋዝ ይሞላል። ጋዝ ያማል። ካመመው አይበላም። ካልበላ አንጀቱ ይብስ ይዘገያል። ማስታወክ ደግሞ አይችልም፣ ሲፈጠር አይችልም። ለዚህ ነው ግማሽ ቀን ሳይበላና ሳይጸዳዳ ከቆየ "ነገ አየዋለሁ" የማይባለው።

እህቴ ደወለች። "በሲሪንጅ አብይው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች። እውነቷን ነው፣ ግማሽ እውነቷን። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጥብጦ ማብላት ዋናው ሕክምና ነው። ግን አንጀቱ በአንድ ነገር ተዘግቶ ከሆነ፣ በተወጠረ ጨጓራ ላይ ምግብ መጨመር ሊያፈነዳው ይችላል። እቤት ሆኜ በምን ልለየው? ጓዳ ውስጥ ሲሪንጁም አለ፣ ዱቄቱም አለ፣ ሁሉም አለ። እኔ ግን ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ደግሞ ያየኛል። ከዛ ማጓጓዣ ሳጥኑን አወጣሁ፣ ድርቆሽ ነሰነስኩበት፣ ይዤው ወጣሁ።

ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት። ሆዱን ዳበሰች፣ ራጅ አነሳችው፣ የደም ስኳሩን ለካች። ስኳሩ በጣም ከፍ ካለ መዘጋት ይጠረጠራል። የሱ አልነበረም። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው፣ ከዛ ከቆዳው ስር ፈሳሽ፣ ከዛ አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት። ማብላቱ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። እና እባካችሁ፣ ለሰው የታዘዘ መድኃኒት አትስጡ። አሞክሲሲሊን በአፍ ለጥንቸል ገዳይ ሊሆን ይችላል። የአንጀቱን ባክቴሪያ ያጠፋውና ክፉዎቹ ቦታውን ይይዙታል።

ኋላ ጥርሶቹንም አየችለት። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ድርቆሽ ካላፋጨው ስል ጠርዝ ያወጣና ምላሱን ይቆርጠዋል። ንጹህ ነው። ምክንያቱ አልተገኘም። ፀጉሩን እየቀየረ ነበር፣ ጎረቤት ደግሞ ሲቆፍር ሰንብቷል… ይሆናል። ፀጉር ነው የዘጋው የምትሉኝ አላችሁ። ፀጉር ሆዱ ውስጥ ሁሌም አለ፣ ራሱን ይልስ የለ? የሚጠጠረው አንጀቱ ሲዘገይ ነው። ፀጉር ያሟሟል እየተባለ የሚሰጠው የአናናስ ጭማቂም አያሟሟውም። ስኳር ነው የሚጨምርበት።

ኦ፣ ሳልረሳው! ሲሻለው ምን ሆነ መሰላችሁ። ጓደኛዬ ልትጠይቀው መጣች። ዳኛው አንገቱን አጠፈ፣ ከኋላው የሆነ ነገር ወሰደ፣ ማላመጥ ጀመረ። "ኧረ በላው! ኧረ ኩሱን በላው!" ብላ ብድግ። እኔ ደግሞ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያ እኮ ሌላ ነው። ትልቁ አንጀት መግቢያ ላይ ሰፊ ከረጢት አለ፣ ሣሩ እዛ ይብላላል። ከዛ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የተጣበቀ ነገር ይወጣል። ቪታሚን አለው፣ ፕሮቲን አለው። በቀጥታ ከምንጩ ይወስደዋል። ያን መብላት ጀመረ ማለት ከረጢቱ ሥራ ገባ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ አስረዳኋት። ሻይዋን ግን አልጨረሰችም።

እ…

ሐኪሟ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ "የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል" አለች። የታወቀ ነገር ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ፣ እዚሁ ፕሮግራም ላይም። ግን ያን ቀን ሌላ ቦታ ገባብኝ። የሚደብቀው ከማን ነው? ከሚበላው። እና እኔ ጭን ላይ ተደግፎ ሲደብቅ… እኔ ማን ነኝ? ወይስ አልደበቀም፣ ሊነግረኝ ነው የመጣው? አቅም ቢያጣ እዛው ጥጉ ላይ ይቀር ነበር እላለሁ። ክፍሉን አቋርጦ ነው የመጣው። ደግሞ ሆዱን ያመመው ጥንቸል የሚመች ቦታ አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ምናልባት ከሚሞክራቸው ቦታዎች አንዷ ነበርኩ። ቀዝቃዛ ወለል፣ ምንጣፍ፣ እኔ።

ሳቅ ሳቅ ይለኛል ደግሞ።

የሚያናድደኝ አሁን ያለው ነው። አሁን መጥቶ አጠገቤ ዝም ካለ አላምነውም። እነሳለሁ፣ የድንብላሉን ላስቲክ አንኮሻኩሻለሁ። ከሮጠ ደህና ነው። ከሮጠ ግን ሄደ፣ አጠገቤ የለም። ካልሮጠ ሆዱን እዳብሳለሁ፣ ያኔም ተናዶ ይሄዳል። በየትኛውም በኩል ብቻዬን ነኝ ወለሉ ላይ። እህቴ "ተይው፣ ይረፍበት" ትላለች። እንዴት ነው የሚተወው? የሚያርፈውና የሚያመው አንድ መልክ ሲኖራቸው?

ሚዛን ልግዛለት እያልኩ ነው። የኩሽና ሚዛን፣ በግራም የሚለካ። በየሳምንቱ መመዘን ጥሩ ነው፣ ክብደት ሲቀንስ ቀድሞ ይታያል። ግን እዛ ላይ ማን ያስቀምጠዋል? ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ይሆን? ቅርጫቱንም ይበላዋል። ደግሞ እህቴ ቤቱን ሆስፒታል አደረግሽው ትለኛለች፣ እሷም እኮ… ቆይ፣ ምን እያኘክ ነው? ዳኛው! እሱን ገመድ ልቀቅ፣ ቆይ አንዴ—