ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ድምፄ ከጎረነነ ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኛል። ከጀርባዬ የምትሰሙት ጫጫታ ልጆች ናቸው፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ኳስ ይዘዋል። መስኮቱን ልዘጋ ብዬ ተውኩት። የዛሬው ወሬያችንም ስለዚሁ ስለሆነ ይሰማ።

የምኖረው ጀሞ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሙያዬ አርክቴክት ነኝ። ይሄን ያወቁት የማህበራችን ሰዎች አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያዙኝና "ለሰው ሁሉ ትሠሪያለሽ፣ የራስሽን ኮሙናል አታይም እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበል? እሺ አልኩ።

ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ ለማታውቁ፦ በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከተማውን ያዳረሰው የጋራ መኖሪያ ቤት ሲነደፍ፣ ከብሎኮቹ መሀል ለብቻዋ የምትቆም ቤት ታስባ ነበር፤ ኮሙናል የምንላት እሷን ነው። በግ የሚታረድባት፣ ልብስ የሚታጠብባት፣ እንጀራ የሚጋገርባት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከቀበሌ ቤት፣ ከጊቢ ኑሮ የመጣ ሰው 20 ካሬ ስቱዲዮ ውስጥ በግ አያርድም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይም ማገዶ አያነድም። ጊቢው ሲቀር የጊቢውን ሥራ ለዚህች ቤት ሰጧት።

የእኛዋ ግን ሥራዋን አልጀመረችውም ማለት ይቻላል። ምጣዱ ኤሌክትሪክ ሆኖ እያንዳንዱ ቤት ገባ። አንደኛው ክፍል ለሱቅ ተከራየ፣ ሌላው የተረፈ ሴራሚክና የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ሆነ፣ ትልቁ ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ ለስብሰባ ይከፈታል። በጉስ? በጉማ ደረጃ ይወጣል! አንዱ ፋሲካ ዋዜማ ላይ የጎረቤቴ በግ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ "አልሄድም" ብሎ ተኛ። የሚወጣውም ቆመ፣ የሚወርደውም ቆመ። አንዱ ቀንዱን ይጎትታል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል፣ የቀረነው እንስቃለን። ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰውዬ ስም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በር ለበር ሦስት ዓመት ከኖርን በኋላ።

ይሄን በግ በኋላ ነው ያስታወስኩት። መጀመሪያ የሠራሁት ፕላን ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለፎቶ የሚሆን ነበር። ሰፊ አዳራሽ፣ ትልልቅ መስታወት፣ የመጻሕፍት ጥግ፣ የቡና ጥግ። ሱቁን አስወጥቼዋለሁ፤ መልኩን ያበላሽብኛላ። ስብሰባ ላይ ዘርግቼ አስረዳሁ፣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የዕድሩን ዕቃ የሚይዙ እናት አሉ፤ እስከመጨረሻው ሰምተው፣ "ልጄ፣ እጅግ ያምራል። ጎላው የት ይጣዳል?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"እሺ፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚሆነው?"

ይቺን የጠየቁት በከንቱ አይደለም። ሐምሌ ላይ ከብሎካችን ሰው ሞቶ ነበር። እንደ ልማዳችን ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፤ ዝናቡ ደግሞ ከላይም ከታችም ነው። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ደረጃ ሥር ተጠጋግተው፣ ጭሱ ወደ ላይ በየቤቱ እየገባ። የዕድሩ ወንበር ያለው ኮሙናሉ ውስጥ ነው፣ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ቁልፍ ያዡ ግን ክፍለ ሀገር ሄዷል። ለቀስተኛው ቆሞ እየበሰበሰ ወንበሩ ደረቅ ቤት ተቆልፎበታል። በመጨረሻ ልጆቹ ጓጉንቸሩን በፌሮ ሰበሩት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ፕላኑን ስሠራ ግን አላሰብኩትም። በሕጉ፣ በአዋጅ 370/1995፣ የጋራ የሆነው ሁሉ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን...

ከዚያ ምን አደረግሁ፣ ሥራ ፈት አትበሉኝ፣ አንድ ሳምንት ማታ ማታ ሰው የት የት እንደሚቆም አየሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣበት ቀን ሮቶው ጋ ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሰልፉ ውስጥ ያልተወራ ነገር የለም። ጉሊቷ ጋ ቲማቲም የሚመርጥ ሰው ከሚገዛው በላይ ይቆማል። ሱቁ ጋ መብራት ስላለ ወጣቶቹ እዚያ ናቸው። "ከጎረቤቴ ጋር ልጫወት" ብሎ ከቤቱ የወጣ አንድም ሰው አላየሁም። ሁሉም በሰበብ ነው። የእኔ አዳራሽ ደግሞ ሰበብ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው ፕላን አስቀያሚ ነው፤ እወደዋለሁ። በሩን ከጀርባ አንስቼ ከታክሲ ወርደን ወደ ብሎኮቹ የምናልፍበት መንገድ ላይ አዞርኩት። ሱቁ መብራቱም ዓይኑም ስለሆነ ቦታው ላይ ቆየ፤ ኪራዩም ለጽዳት ይሆናል። ጎላ የሚጣድበት ሦስት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ገባ። ወደ ማቆሚያው ያለው ግድግዳ የሚጠቀለል የብረት በር ሆነ፤ ለቅሶ ሲሆን ይከፈትና ድንኳኑ ከቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት ግድግዳው ላይ ተቀብሯል። ማረጃው በጎን፣ ወለሉ የሚታጠብ፣ ውሃው የሚወርድበት ያለው። ክዳኑን 2 ሜትር ተኩል ወደ ውጭ አስረዘምኩት፤ ሥሩ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ 45 ሳንቲም ከፍታ ያለው መደብ አለ። የአያቶቻችን ቤት እንዳለው ዓይነት መደብ፣ በብሎኬት።

ሁሉም ተስማማ እንዳትሉኝ። ምድር ቤት የምትኖር ነርስ አለች፤ ማታ ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። "መስኮቴ ሥር ማህበራዊ ኑሮ አትትከሉብኝ" አለች። እውነቷን ነው፤ ምድጃውን ወደ ወዲያኛው ጫፍ ወሰድኩት። ደግሞ ደረጃ ላይ ሰላም ከምላቸው ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። ማህበሩ የባለቤቶች ነው፣ ዕድሩም መግቢያ አለው፣ እነሱ የሁለቱም አይደሉም። መደቡ ላይ ለመቀመጥ ግን ካርታ አይጠየቅም።

ብሩ ገና ስላልሞላ እስካሁን የተሠራው መደቡ ብቻ ነው፣ በተረፈ ብሎኬት፣ በሁለት ቀን። ትናንት ሳልፍ አንዲት ልጅ ምስር ትለቅማለች፣ ጥበቃው ራዲዮ ይሰማል፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል።

እሁድ ስብሰባ አለን። ሦስት ቁልፍ ይቀረጽ ልል ነው፦ አንዱ ሱቁ ጋ፣ አንዱ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ ስለ ጎላው የጠየቁኝ እናት ጋ። ለእሳቸው ቀድሜ ነግሬያቸው እንቢ ብለዋል። "እኔ አምስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሌሊት ሰው ቢሞት ማን ደረጃ ይወርድልሻል? ታች ላለችው ነርስ ስጫት" ነው የሚሉት።

በሉ፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። ደህና ሁኑ።